ባለ ኢንኮደሩ ሞተር፣ ከስምንት ወር በኋላ

እነዚህን ሁለት ባለ ኢንኮደር (የዘንጉን መዞር የሚቆጥር መሣሪያ ያላቸው) ሞተሮች ሮቦቴ ላይ ከገጠምኳቸው ስምንት ወር ሆነ። 12 ቮልት ናቸው፤ የጊራቸው ምጣኔ 34 ለ1 ነው፤ ሞተሩ 34 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። ከኋላ፣ የሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብ ማግኔት አለች። ከጎኗ ሁለት ሆል ሴንሰሮች፣ ማለትም ማግኔት ሲያልፍ የሚሰማቸው ሴንሰሮች፣ ተቀምጠዋል። የገዛኋቸውም ለእነሱ ስል ነው።

በፊት የምጠቀመው ቀዳዳ ያለው ዲስክና አንድ የኢንፍራሬድ ሴንሰር ነበር። ፍጥነቱን ይነግረኛል፤ አቅጣጫውን ግን አያውቅም። ሮቦቱን በእጄ ወደ ኋላ ስገፋው እንኳን ቁጥሩ ይጨምራል። አቅጣጫውን ኮዱ ራሱ ከሰጠሁት ትእዛዝ ይገምት ነበር፤ ዳገት ላይ ሲንሸራተት ግምቱ ገደል ይገባል።

ሁለት ሴንሰር፣ ኤ እና ቢ፣ ሲኖር ምልክታቸው በሩብ ዑደት ይቀዳደማል። ኤ ከቀደመ ዘንጉ ወደ አንድ ወገን፣ ቢ ከቀደመ ወደ ሌላው እየዞረ ነው። ኮዱ ኤ በተቀየረ ቁጥር ቢን ያያል፦ ከተለያዩ ይደምራል፣ እኩል ከሆኑ ይቀንሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ጎማውን በጣቴ ወደ ፊት፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ወደ ኋላ ሳዞረው ቁጥሩ ወጥቶ ተመልሶ ዜሮ ላይ ቁጭ ይላል። ይህን ማየት እስካሁን ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ሰሞን ግን አንድ ነገር አስጨንቆኝ ነበር። ሮቦቱ 9 ሜትር ገደማ ቀጥ ብሎ ይሄድና ቁጥሩ ድንገት ኔጌቲቭ ይሆናል። ሴንሰሩን ጠረጠርኩ፤ ሽቦ ፈታሁ፣ መልሼ ገጠምኩ። ለካ ችግሩ ኮዱ ውስጥ ነው። ኮዱ በሚሠራበት ትንሽ ቦርድ፣ በኔው አርዱይኖ ኡኖ ላይ፣ ኢንት የሚባለው የቁጥር ዓይነት የሚይዘው እስከ 32,767 ብቻ ነው። ማግኔቷ በአንድ ዙር 11 ፐልስ (የምልክት ምት) ትሰጣለች፤ መነሳቱንም መውደቁንም ስለምቆጥር 22 ይሆናል፣ በ34 ሲባዛ በጎማው ዙር 748። 44ኛው ዙር ላይ ሞልቶ ይገለበጣል። ትልቅ ቁጥር ወደሚይዘው ሎንግ ቀየርኩት፣ አለቀ።

እውነተኛው ድክመት የሴንሰሮቹ ሽቦ የሚሰካበት ሶኬት ነው። አምስተኛው ወር ላይ የግራው ጎማ እየዞረ ቁጥሩ 0፣ 1፣ 0፣ 1 ብቻ ይል ጀመር። እንዲህ ካያችሁ ቶሎ የቢን ሽቦ ፈትሹ። ቢ ሲሞት ኮዱ አንዴ ይደምራል፣ አንዴ ይቀንሳል፣ ባለበት ይረግጣል። የኔው ከንዝረት ብዛት ላልቶ ነበር። ሶኬቱን ቆርጬ ሽቦውን በቀጥታ በየድኩት፤ ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው። ሴንሰሮቹ ራሳቸው አንድ ቀን አላስቸገሩኝም፤ አቧራም የክፍል ብርሃንም አይነካቸውም።

ለጎማ ከሆነ ደግሜ እገዛዋለሁ። ለሮቦት ክንድ ግን አልገዛውም፤ ኃይል ሲጠፋ የነበረበትን ይረሳል፣ ሲነሳ ከዜሮ ይጀምራል። ለዚያ ኤኤስ5600 የሚባለው የማግኔት ሴንሰር ይሻላል፤ አንዱን ዙር 4,096 ቦታ ከፍሎ፣ ገና ሲበራ ዘንጉ የት እንዳለ ያውቃል። ማግኔቱ ብቻ ሰሜንና ደቡቡ ጎን ለጎን የሆነ ይሁን፤ ከላይና ከታች የሆነው ተራ ማግኔት አይሠራለትም።