ደሴ ለሚገኘው የሃርድ ዲስክ ባለሙያ ምስጋና፣ ለናንተ ደግሞ ጥቆማ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወንድማችን አለ፤ እጁ ይባረክ። ስሜንና ስልኬን በአደባባይ አታውጣ ስላለኝ አልጻፍኩትም፤ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። ይህን የምጽፈው በተለይ እምቢ ስለሚላቸው ነገሮች ላመሰግነው ብዬ ነው።

የቀረበለት 500 ጊጋ ባይት የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ነበር። ዊንዶውስ ሲከፈት ይንቀራፈፋል፣ ፎቶ ያለበት ፎልደር ሲነካ ደግሞ ቀጥ ይላል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ቦታ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ፤ ቼክ ዲስክ (የዊንዶውስ የራሱ የዲስክ ማረሚያ) ይለቀቅበታል፣ እሱ አልሆን ሲል ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስ ይጫናል። ይህ ልጅ ሁለቱንም አይነካም። ቼክ ዲስክ የሚያስተካክለው የፋይሎቹን መዝገብ ነው እንጂ ፋይል ለማትረፍ የተሠራ አይደለም። እየሞተ ባለ ዲስክ ላይ ሲለቀቅ በተጎዳው ቦታ የማንበቢያ ጭንቅላቱን እያመላለሰ ያደክመዋል፣ በዚያው ላይ ይጽፍበታል፤ የተቆራረጡ ፋይሎችን ደግሞ ስማቸውን ቀይሮ ሌላ ፎልደር ውስጥ ይከምራቸዋል።

መጀመሪያ ያደረገው የዲስክን ጤና የሚያሳየውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ከፍቶ ሦስት መስመሮችን ማሳየት ነው። 05 የሚለው ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች (ዳታ የሚቀመጥባቸው ትናንሽ የዲስክ ክፍሎች) ናቸው፤ ሲ5 ለማንበብ አስቸግረው ውሳኔ የሚጠብቁት፤ ሲ6 ጭራሽ ያልተነበቡት። ፕሮግራሙ ካልተቀየረ በቀር ቁጥሩን የሚያሳየው በሄክሳ (በ16 መሠረት በሚሄድ አቆጣጠር) ስለሆነ 10 ብሎ ካያችሁ 16 ማለት ነው። ሲ5 ከዜሮ ከፍ ብሎ በየቀኑ የሚጨምር ከሆነ ቶሎ ኮፒ አድርጉ፤ ለሌላ ጊዜ የሚተው ነገር አይደለም።

ከዚያ ዲስኩን ከላፕቶፑ ፈትቶ አወጣና ሊኑክስ (ዊንዶውስን የሚተካ ሲስተም) ካለበት ፍላሽ ተነስቶ በዲዲ ሬስኪው ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ጀመረ። የዚህ ፕሮግራም ብልሃቱ በቀላሉ የሚነበበውን ቀድሞ መሰብሰቡ ነው፤ የተጎዳውን ዘሎ ያልፍና መጨረሻ ላይ ይመለስበታል። የደረሰበትን በማስታወሻ ፋይል ስለሚይዝ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ለኛ ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የጠፉ ፋይሎችን የሚፈልገው ከዚያ በኋላ፣ በቅጂው ላይ ብቻ ነው። ፎቶሬክ በሚባለው የጠፋ ፋይል ፈላጊ የወጣ ፎቶ የድሮ ስሙን ይዞ እንደማይመጣም አስቀድሞ ይነግራችኋል።

ለምን ቆየ ብላችሁ አታጨናንቁት። ጤነኛ 500 ጊጋ እንኳ በዩኤስቢ 2 ወደ አራት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ በዩኤስቢ 3 አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። የታመመው ቀናት ሊወስድ ይችላል።

ዲስኩ "ቀጭ ቀጭ" የሚል ድምፅ ካለው ግን ይመልሰዋል፣ ገንዘብም አይቀበልም። ያ ድምፅ የማንበቢያው ጭንቅላት መታመሙን ስለሚያመለክት አቧራ የሌለበት ልዩ ክፍል ይፈልጋል። ሱቅ ውስጥ ክዳኑን ከፍቶ "እስቲ እንየው" የሚላችሁ ካለ ዲስካችሁን ይዛችሁ ውጡ። ፍሪዘር ውስጥ ማስገባትም እንደዚያው ነው፤ ሲወጣ ውስጡ የሚቋጥረው እርጥበት ይጨርሰዋል። ደሴ ተቀምጦ ብርድ ፍለጋ ፍሪዘር መክፈት ደግሞ ለብቻው ያስቃል።

ሌላው እጁን ያየሁበት የቦርድ፣ ማለትም የዲስኩ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ሥራ ነው። ባለ 12 ቮልት ውጫዊ ዲስክ ላይ የላፕቶፕ 19 ቮልት ቻርጀር ሲሰካ ከቦርዱ ላይ አንዲት መከላከያ ዳዮድ ሾርት ትሆናለች፤ ሌላውን ለማዳን የተቀመጠች ናትና። ቦርዱ የባሰ ከተቃጠለ ተመሳሳይ ቦርድ ገዝቶ መግጠም ብቻ በአብዛኛው አይበቃም፤ ስምንት እግር ያላትን ትንሽ ቺፕ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ማዛወር ያስፈልጋል፣ የዚያ ዲስክ የራሱ ልኬት ያለው እሷ ውስጥ ነውና። እሱ ይህችን ቺፕ በሙቅ አየር ያነሳታል።

ሲያስረክብ ሁለተኛ ቅጂ የት እንደምታስቀምጡ ሳይጠይቅ አይለቃችሁም። ሁልጊዜ የተሰካ ውጫዊ ዲስክ ለሱ ባክአፕ አይደለም፤ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስም ሆነ መብራት ሲመለስ የሚመጣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሁለቱንም አንድ ላይ ያገኛቸዋል። ስታቢላይዘር ኃይል ስለማያጠራቅም መብራት ሲጠፋ አያድንም፤ ለዴስክቶፕ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባለ ባትሪ መሣሪያ) ይበቃል፣ ባትሪው ግን በሁለት ሦስት ዓመት ይደክማል። ጉግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋ ለሰነድና ለተመረጡ ፎቶዎች ጥሩ ነው፤ ሲንክ የተደረገውን (በኮምፒውተሩና በኢንተርኔቱ እኩል እንዲሆን የተያያዘውን) ከአንዱ ቦታ ስታጠፉት ከሌላውም እንደሚጠፋ፣ ድራይቭ ቅርጫት ውስጥም 30 ቀን ብቻ እንደሚቆይ አትርሱ። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ) የገዛችሁ ደግሞ ድምፅም ምልክትም ሳይሰጥ ድንገት ሊሄድ ስለሚችል ከሌላው ይበልጥ ቅጂ ያስፈልጋችኋል።

አንዱ ቅጂ ከቤት ውጪ ይሁን ሲባል ብዙዎቻችን ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት እናስባለን። ለእሳትና ለሌባ ይበቃል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ግን ሁለቱም ከተሞች በአንድ ሰሞን ስለተያዙ፣ የማይተካውን ነገር ከወሎ ውጪ ወይም ኢንተርኔት ላይም አድርጉት።

ስትሄዱ ከዲስካችሁ መጠን ያላነሰ ባዶ ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ። የታመመውን ደግሞ እስክትደርሱ ድረስ "አንዴ ልሞክረው" ብላችሁ አታብሩት።