14 ወር በረዳትነት፦ ሙያ የለመድኩበት ብረት ቤት

ስሙን አልጠራም። በር፣ መስኮት፣ ደረጃና የጣሪያ ብረት የሚሠራ ቤት ነው። 14 ወር ሠርቼበታለሁ። «ሙያውን ልልመድ እንጂ ብሩ ይደርሳል» ብለህ ልትገባ ካሰብክ ያየሁትን ልንገርህ።

ረዳት የሚከፈለው በቀን ነው፤ ሥራ ከሌለ ክፍያ የለም። ይህን ቀድመው ስለነገሩኝ አልከፋኝም። የከፋኝ ሌላ ነው። 5 ወር ሙሉ ከግራይንደር አልተላቀቅሁም። ስቆርጥ፣ ሳለሰልስ፣ ቀለም ስቀባ ዋልኩ። ብየዳ የሞከርኩት በምሳ ሰዓት፣ ቁርጥራጭ ላይ፣ ተደብቄ ነው። ማስክም ለረዳት አይሰጥም። ፊቴን እያዞርኩ ለበያጆቹ ብረት ስይዝ የዋልኩ ዕለት፣ ሌሊቱን ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተበተነ መሰለኝ። እንባዬ እስኪነጋ አልቆመም። የብየዳው ብልጭታ የሚያሳምመው ከሰዓታት በኋላ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅሁት። በዚህ በኩል ዜሮ ነው የምሰጣቸው።

ዋናው በያጅ፣ ጋሼ የምንለው፣ ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነው! ለእሱ ስል ደግሜ እገባ ነበር። የመጀመሪያዬን የበር ፍሬም አንዱን ጥግ ጥርቅም አድርጌ በይጄ ወደ ሌላው ሄድኩ። ሲቀዘቅዝ ተንሻፈፈ። ጋሼ አልተቆጣም። ሜትሩን አውጥቶ ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቱንም ሰያፍ ለካ። የ9 ሚሊ ሜትር ልዩነት።

«መጀመሪያ አራቱንም ጥግ በትንንሽ የብየዳ ነጥብ ያዝ። ለካ። ከዚያ እያፈራረቅህ በይድ» አለኝና አስፈረሰኝ።

ከብየዳው በላይ የጠቀመኝ ግን ጠመኔው ነው። ጋሼ ሥራ ከመዋዋሉ በፊት ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ያሰላል። የፌሮውን ውፍረት በሚሊ ሜትር በራሱ አባዝቶ ለ162 ያካፍላል፤ ባለ 12ቱ በሜትር 0.89 ኪሎ ገደማ ይመጣል። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ደግሞ ካሬው 7.85 ኪሎ ነው። ይህን ሳያሰላ በኮንትራት የሚዋዋል በያጅ ድካሙን ለብረት ሻጩ ያስረክባል። ስንት እጀ ወርቅ በያጅ እንዲህ ሲከስር አይቻለሁ መሰላችሁ!

የቀን ክፍያዬ የጨመረው ቁም ብየዳ፣ ማለትም ቀጥ ብሎ የቆመ ብረት ላይ ሽቅብ ወይም ቁልቁል መበየድ፣ ስችል ነው። ከኮንትራት ድርሻ የደረሰኝ ግን ልኬት መውሰድና ፕላን ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ትልልቅ ግንባታ ላይ ልቀጠር ካልክ ይህ ቤት አያዘጋጅህም። እዚያ ፈተና አለ፤ የበየድከው ናሙና ተቆርጦ ይታጠፋል፣ ከተሰነጠቀ ወደቅህ። እዚህ 7018 የሚባለው ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ካርቶኑ ተከፍቶ ወለል ላይ ይከርማል። እርጥበት የጠጣ 7018 ደግሞ ብየዳውን ውስጥ ለውስጥ ሊያሰነጥቀው ይችላል። ይህን እንኳ የተማርኩት ከወጣሁ በኋላ ነው።

እና ትገባለህ? ጋሼ እስካለ ድረስ ግባ። መጀመሪያ ግን «ማሽን የምይዘው በስንተኛው ወር ነው?» ብለህ ጠይቅ። ማስክህንም ራስህ ገዝተህ ሂድ፤ የመስታወቱ የጥቁረት ቁጥር 10 ወይም 11 ይሁን።