የጨረታ መኪና በደሴና በኮምቦልቻ፦ ከመሥሪያ ቤት፣ ከባንክ ወይስ ከጉምሩክ?

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ያገለገለ መኪና በጨረታ የሚያቀርቡት በዋናነት ሦስት ወገኖች ናቸው፦ አሮጌ ተሽከርካሪ የሚያስወግዱ መሥሪያ ቤቶችና ፕሮጀክቶች፣ ብድራቸው ያልተመለሰላቸው ባንኮች፣ እንዲሁም ጉምሩክ። ማስታወቂያው በአዲስ ዘመን ወይም በበኩር ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ በሻጩ ግቢ በር ላይም ይለጠፋል። ሁሉም የሚሸጡት «ባለበት ሁኔታ» ነው። መኪናው ከግቢ ከወጣ በኋላ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተሰንጥቆ ቢገኝ፣ ካምቢዮው ቢያለቅስ፣ ሻጩን የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ እዚህ ሦስቱን የምንመዝናቸው በሁለት ነገር ነው፤ መኪናውን ምን ያህል ያሳያሉ? ወረቀቱስ ምን ያህል የጠራ ነው?

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው የመሥሪያ ቤት ጨረታ ይሻላል። ኮድ 4 (የመንግሥት) ሰሌዳ የነበረው መኪና ብዙውን ጊዜ የጥገና ፋይል አለው። ንብረት ክፍሉን «የዚህን መኪና የጥገና መዝገብ ላየው እችላለሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፣ አብዛኞቹም ያሳያሉ። ከፋይሉ የሚፈለገው የሞተሩ መበጀት አለመበጀት፣ የታይሚንግ ቤልቱ የተቀየረበት ኪሎሜትርና መኪናው ሥራ ያቆመበት ቀን ነው። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ የእነዚህ መኪኖች ትልቁ በሽታ መቆም ነውና። ሁለትና ሦስት ዓመት ከዛፍ ሥር ቆሞ የዋለ ሃይሉክስ የፍሬን ፒስተኑ ይነክሳል (ተጣብቆ ይያዛል)፣ ነዳጁ ታንከሩ ውስጥ ይበላሻል፣ ሽቦውን አይጥ ይቆርጠዋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሁለቱ ከተሞች በገባ ጊዜ ብዙ የመሥሪያ ቤት ንብረት ተዘርፏል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ቆሞ የቀረ መኪና ሲገኝ ኮፈኑን ከፍቶ የጎደለውን መቁጠር የግድ ነው፦ ሞተሪኖው (ማስነሻው)፣ ዲናሞው፣ ኢንጀክተሮቹ፣ ቱርቦው፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ኮምፒውተር። ኮምፒውተሩ የሌለ ዲ-ፎር-ዲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ የቶዮታ ናፍጣ) ሞተር ብረቱ ደህና ቢመስልም ዋጋው የመለዋወጫ ዋጋ ነው።

የፕሮጀክት መኪና ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመራል። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡን የሚከፍለው ማን ነው? መልሱ በጨረታ ሰነዱ ውስጥ በጽሑፍ ከሌለ ዋጋ አትሙሉ። በቃል «እሱማ ተከፍሏል» የሚል መልስ ስም ማዛወሪያው መስኮት ላይ አይሠራም።

ባንኮች በአዋጅ ቁጥር 97/90 በተሰጣቸው ሥልጣን የያዙትን መኪና ሲሸጡ ወረቀቱ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። ተበዳሪው ማን እንደሆነ፣ የሰሌዳ፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ፣ የመነሻ ዋጋው በማስታወቂያው ላይ ይዘረዘራል። መኪናው ግን ሌላ ነገር ነው። ዕዳ የገባ ሰው መኪናውን እስከ መጨረሻዋ ቀን ያሠራዋል፣ ዘይት የሚቀይርበት ገንዘብም የለውም። በባንክ ጨረታ የሚቀርብ አይሱዙ ኤንፒአር ወይም አባዱላ ስታዩ የመጨረሻዎቹን ወራት ያለ አገልግሎት እንደሮጠ ቁጠሩት፣ የሞተር ጥገናንም በሒሳባችሁ ውስጥ አስገቡ።

ጉምሩክ የሚሸጠው የተወረሰ ወይም ባለቤት የተወው ንብረት ነው። እዚህ ኮንትሮባንድ ሲጭን የተያዘ መኪና ላይ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ፤ ሻግ። ዕቃ ለመደበቅ ወለሉ ተቆርጦ ተደርቦ ይበየዳል፣ የነዳጅ ታንከሩ ለሁለት ይከፈላል፣ የበር ውስጥ ይሰፋል። ወለሉን ከውስጥም ከሥርም በጣት አንኳኩ፤ ድምፁ አንድ ቦታ ወፍሮ ሌላ ቦታ ከሳሳ ላሜራው ተደርቧል ማለት ነው። የታንከሩን ዙሪያ ብየዳ እዩ። የፋብሪካ ብየዳ ወጥ ነው፣ የሻግ ብየዳ ግን አንዱ ጋ ወፍሮ ሌላው ጋ ቀጥኗል፣ አዲስ ቀለምም ተቀብቶበታል። እንዲህ ያለ ታንከር ያፈሳል ወይም ዝገት ወደ ኢንጀክሽን ፖምፓ ይልካል፣ ስለዚህ እንደሚቀየር አስቡት። ሰሌዳ የሌለው መኪና ከሆነ ደግሞ የሚሰጣችሁ ደብዳቤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን፣ የተሠራበትን ዘመንና ሲሲውን ይዞ፣ ቀረጥና ታክሱ በዋጋው ውስጥ መሆኑን መናገር አለበት። አንዱ ከጎደለ ሊብሬ ሲወጣ ትመላለሳላችሁ። ዋጋው ሲቀናም ይህ ጨረታ መኪና ለሚያውቅ፣ ጊዜም ላለው ሰው ነው።

ወደ ሒሳቡ ስንመጣ፣ ባንኮች አብዛኛውን ጊዜ የመነሻ ዋጋውን ሩብ በሲፒኦ (ባንክ በሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ) ያስይዛሉ። አሸናፊው በ15 ቀን ውስጥ ቀሪውን ካላጠናቀቀ ያስያዘው አይመለስም። ሲፒኦው ላይ የሚጻፈው የተቀባይ ስም ከማስታወቂያው ጋር በፊደል መግጠም አለበት። በአንድ ቃል ልዩነት ፖስታው ሲከፈት ውድቅ የሚሆን አለ። ከዚያ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። የምትሞሉት ዋጋ ታክሱን ያካትታል ወይስ አያካትትም? ይህን ሳያጣሩ የሚጫረቱ ሰዎች ናቸው በ15ኛው ቀን ገንዘብ የሚጎድላቸው።

ጣሪያችሁን ወደ ኋላ ቆጥራችሁ አውጡት። ለምሳሌ ያንኑ መኪና ደህናውን ገበያ ላይ በ2,000,000 ብር የምታገኙት ከሆነ፣ ለጥገና 250,000፣ ለማጓጓዣና ለስም ማዛወሪያ 60,000፣ ላልታየ ነገር 150,000 ቀንሱ። 1,540,000 ይቀራል። ታክሱ ከላይ የሚጨመር ከሆነ ይህን በ1.15 አካፍሉ፤ 1,339,130 ብር አካባቢ ይመጣል። የምትሞሉት የመጨረሻ ዋጋ ይህ ነው። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ ቶዮታ የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው። በግልጽ ጨረታ ላይ እጅ ማውጣት ሲጀመር ደም ይሞቃል፤ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ ይዞ መግባት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ግቢው። ለማየት የተፈቀደው ቀን ጥቂት ነው፣ ሞተር ማስነሳትም ብዙ ጊዜ አይፈቀድም። መካኒክ ይዛችሁ ጠዋት ሂዱ፣ ብርሃን ወሳኝ ነውና። የሚያዘው ዕቃ ትንሽ ነው፦ የእጅ ባትሪ፣ ካቻቢቴ፣ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት፣ ነጭ ጨርቅ፣ ከሥር ለመተኛት ካርቶን።

ከሥር ጀምሩ። በዚህ አካባቢ የሚሸጥ መኪና ብዙው ወደ ባቲና ሚሌ፣ ወደ አፋር ቆላ ሲመላለስ የኖረ ነው፤ ከአፍዴራ ጨው የጫነ አይሱዙም አለበት። ጨው የሻንሲውን ብረት ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ከኋለኛው ባሌስትራ መያዣ ዙሪያና ተሻጋሪ ብረቶቹ ከዋናው ሻንሲ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ካቻቢቴውን ጫን አድርጉ። ብረቱ ቅርፊት ከጣለ ወይም ካቻቢቴው ከገባ ሞተሩ ምንም ጥሩ ቢሆን ያንን መኪና ተዉት። አሮጌ መኪና ከሥሩ አዲስ ጥቁር ቀለም ወይም የተቃጠለ ዘይት ተቀብቶ ሲገኝም ይጠርጠር፤ ዝገት የሚሸፈነው እንዲያ ነው።

ቀጥሎ የአየር ማጣሪያውን ሣጥን ክፈቱ። የሚታየው ማጣሪያው ራሱ አይደለም፣ እሱ በአዲስ ሊቀየር ይችላል። ከማጣሪያው አልፎ ወደ ሞተር የሚገባውን ቱቦ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ንጹሕ ወይም ትንሽ ዘይት ነክቶት ከወጣ ደህና ነው። የደቀቀ ቡናማ አቧራ ይዞ ከወጣ ሞተሩ የቆላ አቧራ ሲበላ ኖሯል፣ የፒስተን ፋሻውም አልቋል። ይህች የሁለት ደቂቃ ሥራ የአንድ ሞተር ዋጋ ታድናለች።

የዘይት መሙያው ክዳን ሥር እርጎ የመሰለ ነገር ካለ ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል፤ ጓርኒሲዮኑ (በሞተሩና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ) ወይም ቴስታታው ተበላሽቷል። የ3.0 ዲ-ፎር-ዲ ሃይሉክስ ከሆነ ክዳኑ ላይ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ነገር ፈልጉ። የኢንጀክተሮቹ መቀመጫ ሲያሾልክ ጥቀርሻ ዘይቱ ውስጥ ይገባና የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል፤ ሞተሩ ያለ ዘይት ይነክሳል። እንዲህ ያለውን ከገዛችሁ ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) አውርዳችሁ ወንፊቱን ሳታጸዱ መንገድ አትውጡ። የድሮው 5ኤል ወይም የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ ሞተር ይህ ጣጣ የለበትም፣ የታይሚንግ ቤልቱን ታሪክ ማወቅ ግን ያስፈልጋል፤ 100,000 ኪሎሜትር ከሞላው መቀየር አለበት።

ሞተሩ ነክሶ እንደሆነ ለማወቅ፣ ከተፈቀደላችሁ፣ ባለ ፍሪሲዮኑን መኪና አምስተኛ ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ ግፉት። እየተንገጫገጨ ከሄደ ይዞራል። ጎማው ተቆልፎ ከተጎተተ ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ ይዟል፤ ማርሹን አውጥታችሁ እንደገና በመግፋት ለዩት። ጎማ ላይ የታተሙትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፤ 2318 ማለት በፈረንጆቹ 2018፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ምንም ቢያምር ስድስት ዓመት ያለፈውን ጎማ እንደሌለ ቁጠሩት። በማግኔቱ በሮቹንና ከጎማዎቹ በላይ ያለውን ላሜራ ዳስሱ፣ ያልያዘበት ቦታ ስቱኮ አለ።

የሻንሲ ቁጥሩን ከብረቱ ላይ ራሳችሁ አንብቡ። ሃይሉክስና ላንድክሩዘር ላይ በቀኝ የፊት ጎማ አካባቢ ሻንሲው ላይ ተመትቷል። በናፍጣ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት እንጂ በሽቦ ብሩሽ አትፈትጉት፤ የተፋቀ ቁጥር ኋላ ጥያቄ ያስነሳል። ወረቀት አስደግፋችሁ በእርሳስ ቅዱት፣ ከሊብሬውና ከማስታወቂያው ጋር አስተያዩት። ባለ 17 አሃዙ የሻንሲ ቁጥር ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት ፊደሎች አይገቡም። ማስታወቂያው ላይ ኦ ከተጻፈ ዜሮ ማለታቸው ነው፣ ቢሆንም ከመክፈላችሁ በፊት በደብዳቤ ይታረም። ዕዳና እገዳ መኖር አለመኖሩን ደግሞ ሰሌዳውን ከሰጠው የትራንስፖርት ቢሮ አጣሩ፣ ያለፉትን ዓመታት ቦሎ የሚከፍለው ማን እንደሆነም ጠይቁ።

ከግቢው ስትወጡ መኪናውን ዙሪያውን፣ ኮፈኑን ከፍታችሁ፣ ባትሪውን፣ ትርፍ ጎማውንና ክሪኩን ጭምር ፎቶ አንሡ። በርክክቡ ቀን በዚያ ፎቶ እያስተያያችሁ ተረከቡ፣ የጎደለ ካለ ርክክብ ሰነዱ ላይ ሳይጻፍ አትፈርሙ።

የቀረው ማጓጓዣው ነው፣ እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ አደጋ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል 25 ኪሎሜትር ያህል ቢሆን ነው፣ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይለያያል፤ መሐሉ ሐረጎ የሚባለው ዳገት ነው። ሞተሩ ያልተነሣ መኪና የፍሬን ሰርቮና የመሪ ኃይል የለውም። ደሴ የገዙትን በገመድ አስሮ በሐረጎ ቁልቁለት ማውረድ ከፊት ያለውንም ከኋላ ያለውንም ሰው ለሞት መዳረግ ነው። ሎቤድ (መኪና የሚጭን ዝቅተኛ ተሳቢ) ወይም ክሬን ይከራዩ፤ ለዚህም ነው ከላይ በሒሳቡ ውስጥ የገባው።

ጋራዥ ከደረሰ በኋላ ቁልፍ ከማዞር በፊት አሮጌውን ነዳጅ አፍስሱ፣ ዘይትና ማጣሪያ ቀይሩ፣ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። ከዚያ ነዳጁን ዘግታችሁ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ አሽከርክሩ፣ ቀጥሎ አስነሡ። የራዲያተሩን ክዳን ያለ ምንም ማቅማማት በአዲስ ቀይሩ። በደሴ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ግፊት የማይዝ ክዳን ያለው መኪና ሐረጎን ሲወጣ፣ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ይፈላል። ኮምቦልቻ የገዛችሁትን የመጀመሪያውን ቀን ጭነት ሳትጭኑ እስከ ጢጣ አውጡት፣ ዓይናችሁን ከሙቀት መለኪያው አትንቀሉ። መርፌው ከመሐል ካለፈ ዳር ይዛችሁ አቁሙ፣ ክዳኑን ግን እስኪበርድ አትንኩት።