በጭንቅ ጊዜ የማታ ጸሎት፦ በቤተ ክርስቲያን ወይስ በቤት?

በሰሜን ሸዋ ጭንቅ በበረታባቸው ወራት፣ የማታውን ጸሎት ከማኅበረ ምእመናን ጋር በቤተ ክርስቲያን ማድረስ ይሻላል ወይስ ከቤተሰብ ጋር በቤት የሚለው ጥያቄ ብዙዎቻችንን ያሳስበናል።

ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱ የሆነው የሠርክ ጸሎት በ11 ሰዓት የሚደርሰው፣ ጌታችን ከመስቀል ወርዶ የተቀበረበትን ሰዓት በማሰብ ነው። ምሕላ በሚታወጅበት ጊዜ ካህናቱ እየመሩ ሕዝቡ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያለ 41 ጊዜ ሲማጸን፣ ሐዘን አንደበቱን የያዘው ሰው እንኳ በጎረቤቱ ድምፅ ተደግፎ ይጸልያል። ይህን ኃይል ቤት ውስጥ አላገኘሁትም።

የቤት ጸሎት ግን መንገድ በማያስኬድበት ምሽት፣ ለታመመውና ለአረጋዊው ሁሉ ቅርብ ነው። አያቴ የደብረ ብርሃንን ብርድ በጋቢዋ ተከላክላ፣ ጧፍ አብርታ፣ ለሰባቱ ዕለታት ከተከፈለው ውዳሴ ማርያም የዕለቱን ስታደርስ፣ መቁጠሪያዋ በጣቶቿ መካከል ቀስ ብሎ ሲያልፍ እሰማው ነበር። በመጨረሻም ርቀው የሄዱትን ልጆቿን በየክርስትና ስማቸው እየጠራች ትለምንላቸው ነበር፤ በብዙ ሕዝብ መካከል እንዲህ ያለ ፋታ አይገኝም።

ስለዚህ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ በተለይም ምሕላ በታወጀ ሰሞን፣ ሠርኩን በቤተ ክርስቲያን ማድረስን አስቀድማለሁ፤ የመኝታውን ጸሎት ግን ልጆች እንቅልፍ ሳይጥላቸው ከወላጆቻቸው ጋር በቤት ቢያደርሱት እመርጣለሁ።