ማኅበራዊና አካባቢያዊ ኃላፊነትን የሚያስተምር የቢዝነስ ዲግሪ፦ ድሬዳዋ ተቀምጦ በኦንላይን ለመማር ያሉት መንገዶች ሲነጻጸሩ

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ሁለት ነገሮች በአንድ ወር ውስጥ ሆኑ። የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጣና ተመረቀ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም የሙከራ አገልግሎቱን ከሌሎች ከተሞች ሁሉ ቀድሞ እዚሁ ጀመረ። ከውጭ ገዢ ጋር የሚሠራ ድርጅት ስለ ሠራተኛ አያያዙ፣ ስለ ፍሳሹና ስለ ጥሬ ዕቃው ምንጭ በጽሑፍ መልስ የሚሰጥ ባለሙያ ማስፈለጉ አይቀርም፤ ያንን ትምህርት ደግሞ ከድሬዳዋ ሰፈሮች ከዚራ ወይም ሳቢያን ተቀምጦ መከታተል ከቀድሞው ይልቅ ቀሏል። ይህ ንጽጽር የተዘጋጀው ሥራቸውን ሳይለቁ እንዲህ ያለውን ዲግሪ ለመያዝ ለሚያስቡ፣ በተለይም ገንዘባቸውን ከኪሳቸው ለሚያወጡ ሰዎች ነው።

አስቀድሞ ምን እየተሸጠ እንደሆነ መለየት ይገባል። «ዘላቂነት»፣ «ኃላፊነት የሚሰማው አመራር»፣ «አረንጓዴ ቢዝነስ» በሚሉ ስሞች የሚቀርቡት ትምህርቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ መደበኛ የቢዝነስ አስተዳደር ዲግሪ ሆኖ ስለ ሥነ ምግባር የሚያወሳው አንድ ወይም ሁለት ኮርስ ብቻ ነው። ሌላው ግን ጉዳዩን በየኮርሱ ያስገባዋል፤ በሒሳብ አያያዝ ትምህርቱ የካርቦን ልቀት እንዴት እንደሚለካ፣ በግዥ ትምህርቱ አቅራቢው ሠራተኞቹን እንዴት እንደያዘ በምን እንደሚጣራ፣ በሕግ ትምህርቱም የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዴት እንደሚነበብ ያስተምራል። ይህ ልዩነት ከዲግሪው ስም አይታወቅም፤ የሚታወቀው የግዴታ ኮርሶቹን ዝርዝር አንድ በአንድ በማንበብ ነው፤ ምርጫ ኮርስ ተብለው የተቀመጡት በየዓመቱ ላይከፈቱ ስለሚችሉ ከቁጥር ባይገቡ ይሻላል።

ከድሬዳዋ ሆኖ የሚመርጥ ሰው በተግባር አራት መንገዶች አሉት። የመጀመሪያው እንደ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል ያለ፣ የማስተማሪያ ክፍያ የማይጠይቅ የውጭ ኦንላይን ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለተኛው በዘርፉ ልዩ ትምህርት ክፍል ያለው፣ ዋጋውም የዚያኑ ያህል የሚከብድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሦስተኛው በርቀት ትምህርት የኖረና በአገር ውስጥ ጽሕፈት ቤት ወይም አጋር ያለው የውጭ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ አራተኛው የአገር ውስጥ ዲግሪን ከአጫጭር የኦንላይን ኮርሶች ጋር አዳብሎ መያዝ ነው።

በመጀመሪያው መንገድ ላይ «ነፃ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተ፣ መቀመጫውን በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ያደረገና እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በአሜሪካ የታወቀ እውቅና ያገኘ ተቋም ነው። የማስተማሪያ ክፍያ ባይጠይቅም ለማመልከቻና ለእያንዳንዱ ኮርስ ምዘና ያስከፍላል፤ የመጀመሪያ ዲግሪው 40 ኮርሶች ሲኖሩት የአንዱ ኮርስ የምዘና ክፍያ ከ100 ዶላር በላይ ነው። በዝቅተኛው በ100 ዶላር ብቻ ብናሰላው እንኳን ጠቅላላው 4,000 ዶላር ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ከመለወጡ በፊት፣ ዶላሩ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ፣ ይህ 228,000 ብር ነበር፤ ዶላሩ 120 ብር ሲገባ ያው ክፍያ 480,000 ብር ይሆናል። ደመወዙ በብር፣ ዕዳው በዶላር የሆነ ተማሪ ይህን ስሌት ሳይሠራ መመዝገብ የለበትም። ተቋሙ ለአመልካቾች የክፍያ ድጋፍ የሚሰጥበት አሠራር ስላለው፣ ድጋፉን ጠይቆ መልሱን በእጁ ሳያስገባ የመጀመሪያውን ኮርስ መጀመር አያዋጣም።

የትምህርቱ አሰጣጥ ግን ለእኛ ሁኔታ ይስማማል። አብዛኛው ሥራ በንባብና በጽሑፍ የሚከናወን ስለሆነ በቪዲዮ ስርጭት ላይ አይንጠለጠልም፤ የመማሪያ መጻሕፍቱም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። የትምህርት ሳምንቱ ሐሙስ ተጀምሮ ረቡዕ ሌሊት ይዘጋል፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ሐሙስ ጠዋት 1 ሰዓት ከ55 ማለት ነው። ሰዓቱ የተመቸ ቢመስልም መብራት ረቡዕ ማታ ሊጠፋ እንደሚችል የሚያውቅ የድሬዳዋ ሰው ሥራውን ረቡዕ ከቀትር በፊት ቢልክ ይመረጣል። (ከቀትር በኋላ ያለውን ሰዓት ሙቀቱና በርጫው ስለሚካፈሉት በጥናት ዕቅድ ውስጥ ባይቆጥሩት ይሻላል።) የዚህ መንገድ ድክመት ይዘቱ ላይ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ በሚሰጠው ኤምቢኤ ውስጥ የንግድ ሕግን፣ ሥነ ምግባርንና ማኅበራዊ ኃላፊነትን በአንድ ላይ የያዘ ኮርስ ቢኖርም፣ ዲግሪው በጠቅላላው የቢዝነስ አስተዳደር እንጂ የዘላቂነት ዲግሪ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ይህን ድክመት ይሞላል። ለምሳሌ አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የዘላቂነት ትምህርት ቤቱን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን በዘርፉ የኦንላይን ዲግሪዎችንም ይሰጣል። እንዲህ ባሉ ተቋማት የሚማር ሰው ሁለት በስም የሚቀራረቡ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) ሰነዶችን ሳይቀላቅል ይወጣል፦ አይኤስኦ 14001 ድርጅት ተፈትሾ የምስክር ወረቀት የሚያገኝበት የአካባቢ አስተዳደር መስፈርት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አይኤስኦ 26000 ግን ስለ ማኅበራዊ ኃላፊነት መመሪያ የሚሰጥ እንጂ የምስክር ወረቀት የሚሰጥበት አይደለም። «የአይኤስኦ 26000 ሰርተፊኬት አለን» የሚል ድርጅት ሲያጋጥመው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ባለሙያ ለአሠሪው ብዙ ይጠቅማል። ችግሩ ዋጋው ነው። በዚያ ደረጃ ባሉ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የአንድ ክሬዲት ክፍያ ብቻ ከ500 ዶላር ሊያልፍ ይችላል፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ደግሞ 120 ክሬዲት ይጠይቃል። ሙሉ የትምህርት ዕድል ላላገኘ ሰው ይህ መንገድ ዝግ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ በብድርም በዕቁብም አይሞከርም።

ሦስተኛው መንገድ በድሬዳዋ ሰው ዘንድ ከሚገባው በታች ይታወቃል። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በርቀት ሲያስተምር የኖረ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በአዲስ አበባ አቃቂ ማዕከል አለው፤ እዚህ የሚታወቀውም ይበልጡን በድኅረ ምረቃ ትምህርት ነው። የሕንዱ ኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ኦፕን ዩኒቨርሲቲም በቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ በኩል ለዓመታት ትምህርት ሲሰጥ ቆይቷል። ሰነድ ሲጎድል ወይም የፈተና ውጤት ሲዘገይ የሚሄዱበት ቢሮ መኖሩ፣ በአውቶቡስም ሆነ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ድረስ ቢያስኬድም፣ ለማይታወቅ ሰው ኢሜይል ከመላክ የተሻለ ነው። ዩኒሳን ስመለከት በይዘት ረገድም አንድ የሚስበኝ ነገር አለ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ስለ ኩባንያ አስተዳደር በተከታታይ በወጡት የኪንግ ሪፖርቶች አማካይነት የኩባንያ ቦርድ ለባለአክሲዮን ብቻ ሳይሆን ለኅብረተሰቡና ለአካባቢውም መልስ የሚሰጥበትን አሠራር ለረጅም ጊዜ ስትከራከርበትና ስትተገብረው የቆየች አገር ናት፤ ስለዚህ ከዚያ የሚመጣው ምሳሌ የአፍሪካ ማዕድን፣ የአፍሪካ ሠራተኛና የአፍሪካ መንግሥት ያለበት ነው። እዚያ ለመመዝገብ የሚያስብ ሰው ግን ማዕከሉ እርሱ የሚፈልገውን ፕሮግራም በዚያ ዓመት ተቀባይ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት።

አራተኛው መንገድ ስሙ አይደምቅም። በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ወይም በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ፣ አለዚያም እውቅና ባለው የግል ተቋም በማታ፣ በሳምንት መጨረሻ ወይም በርቀት ዲግሪውን ይይዙና የኃላፊነቱን ክፍል እንደ ኮርሴራና ኢዲኤክስ ካሉት የኦንላይን ትምህርት ድረ ገጾች ላይ በአጫጭር ኮርሶች ይሞላሉ። ኮርሴራ ላይ ለምስክር ወረቀቱ መክፈል ያቃተው ሰው የገንዘብ ድጋፍ ማመልከት ይችላል። የዲግሪው ክፍያ በብር ነው፤ መምህሩን በአካል ያገኙታል። የመጀመሪያ ዲግሪ ከሆነ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የመውጫ ፈተና እንደሚጠብቅ፣ ይህም የርቀት ተማሪውን እንደሚጨምር ማስታወስ ያስፈልጋል።

ከዋጋም ከይዘትም በፊት መጣራት ያለበት እውቅናው ነው። ለገሃሬ አካባቢ በመጋዘን ሥራ የሚተዳደር አንድ የማውቀው ሰው ከአንድ የውጭ ኦንላይን ትምህርት ቤት ለሦስት መንፈቅ ከከፈለ በኋላ፣ ትምህርት ቤቱ «እውቅና ሰጪዬ» የሚለው ድርጅት ራሱ በማንም ዘንድ የማይታወቅ ሆኖ አገኘው። ገንዘቡ አልተመለሰም፤ ያለፈባቸውን ኮርሶችም ሌላ ተቋም አልተቀበለለትም። የአሜሪካ ተቋም ከሆነ በአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር መዝገብ ላይ፣ የእንግሊዝ ከሆነ መንግሥቱ ዲግሪ እንዲሰጡ የፈቀደላቸው ተቋማት ዝርዝር ላይ ስሙን መፈለግ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በአገር ቤት ደግሞ ለውጭ ማስረጃ አቻ ግምት (ከአገር ውስጡ ጋር እኩል ስለመሆኑ ማረጋገጫ) የሚሰጠው የትምህርትና ስልጠና ባለሥልጣን ነው። ከመክፈልዎ በፊት የተቋሙን ስም፣ የፕሮግራሙን ስምና ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ በኦንላይን የሚሰጥ መሆኑን ገልጸው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የቃል መልስ በኋላ አያገለግልም። ደንብ ሊለወጥ ይችላል፤ በነሐሴ 2002 ዓ.ም. የርቀት ትምህርት በአገር ደረጃ ታግዶ ከጊዜ በኋላ እንደገና መፈቀዱን በወቅቱ የተማሩ ያስታውሱታል።

ይዘቱን ለመመዘን ደግሞ እኔ የምጠቀምበት ከአካባቢያችን የተወሰደ መለኪያ አለኝ። የሐረማያ ሐይቅን እንውሰድ። ለሐረር ከተማ ውኃ ያቀርብ የነበረው ይህ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. የደረቀው በአንድ ጥፋተኛ አይደለም፤ ከተማው ይስብ ነበር፣ ገበሬው ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ይስብ ነበር፣ ከተራቆተው ተራራ የሚወርደው ደለል ደግሞ ወለሉን ይሞላ ነበር። ከዚያ በኋላ የሐረር ሰው ውኃ ከድሬዳዋ አቅራቢያ ከቆላው ጉድጓድ ሽቅብ እየተገፋ ይመጣለት ጀመር። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ በከፊል ተመልሷል። ኮርሱ ለጋራ ሀብት ማን እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚጠቀምና ማን እንደሚቆጣጠር የሚተነትን ዘዴ ካልሰጠ፣ ተማሪው ስለ ሐይቁ ከማዘን አልፎ የሚጽፈው ነገር አይኖረውም።

ሁለተኛው መለኪያዬ ሲሚንቶ ነው፤ ከተማችን ለረጅም ጊዜ የኖረችበት ኢንዱስትሪ ነውና። ከሲሚንቶ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከግማሽ በላይ የሚመነጨው ከነዳጁ ሳይሆን የኖራ ድንጋዩ ሲጋገር ከራሱ ከድንጋዩ ነው። ስለዚህ ፋብሪካ ኤሌክትሪኩን ከውኃ ኃይል ቢያገኝ እንኳን ልቀቱ አይጠፋም። ይህን የማያስረዳ የ«አረንጓዴ ቢዝነስ» ኮርስ ተማሪውን ለማስታወቂያ ጽሑፍ ካልሆነ ለሌላ አያበቃውም። ሦስተኛው ቡና ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ደንብ ቡናው የበቀለበት መሬት ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ከደን ያልተመነጠረ መሆኑንና የማሳው መገኛ በካርታ ነጥብ መታወቁን ይጠይቃል። ተፈጻሚ የሚሆንበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም፣ የሐረር ቡና ከአነስተኛ ገበሬዎች ጓሮ እየተለቀመ የሚሰበሰብ በመሆኑ መረጃውን የማሰባሰቡ ወጪ በማን ላይ እንደሚወድቅ ዛሬውኑ መታሰብ ያለበት ነው። የውጭዎቹ ትምህርቶች ደንቡን በደንብ ያስተምራሉ፤ ስለ ወጪው ግን የሚጽፉት በአብዛኛው ከገዢው ወገን ቆመው ነው። በዚህ በኩል በሐረማያ ወይም በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ገበሬውን በሚያውቅ መምህር ሥር የሚሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ ብልጫ አለው።

እንግዲህ ማን የቱን ይምረጥ? የመጀመሪያ ዲግሪ ለሌለውና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በአገር ውስጥ ባንክ ለመቀጠር ለሚያስብ ሰው አራተኛውን መንገድ ያለማመንታት እመክራለሁ፤ የአቻ ግምት ጣጣ የለበትም፣ የምንዛሪ ለውጥም አያናውጠውም። ዲግሪ ኖሮት በረድኤት ድርጅት፣ በነፃ ንግድ ቀጣናው ወይም በኤክስፖርት ድርጅት ለሚሠራ ሰው ሦስተኛው መንገድ ከሌሎቹ ይልቅ ያዋጣል። የመጀመሪያው መንገድ እንግሊዝኛው ለጠነከረ፣ የክፍያ ድጋፍ ለተፈቀደለትና በየሳምንቱ ለአንድ ኮርስ 15 ሰዓት ያህል ሊሰጥ ለሚችል ሰው ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ባይጀምሩት ይሻላል። ሁለተኛውን የትምህርት ዕድል ላገኘ እተወዋለሁ።

ለመወሰን ለተቸገረ ሰው አንድ ርካሽ መሞከሪያ አለ። ለስምንት ሳምንት ያህል አንድ ነፃ የኦንላይን ኮርስ ወስደው ከእያንዳንዱ ሳምንት ንባብ በኋላ ስለሚሠሩበት መሥሪያ ቤት አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ይጻፉ፤ ለምሳሌ ቆሻሻው የት እንደሚደፋ፣ የቀን ሠራተኛው በምን ውል እንደሚሠራ፣ ጀኔሬተሩ በወር ስንት ሊትር ናፍጣ እንደሚበላ። በስምንተኛው ሳምንት ስምንቱም ገጽ ተጽፈው ከተገኙ የማመልከቻውን ገንዘብ ይክፈሉ።