የኮሮላዬ አዲስ ራዲያተር ከ9 ወር የሐረጎ ዳገት በኋላ

የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘውን ራዲያተር ያስገጠምኩት ጥቅምት ላይ ነው። አሁን ሐምሌ ገብቷል። በእነዚህ 9 ወራት በሐረጎ ዳገት በኩል ከደሴ ኮምቦልቻ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። ሁለቴ ባቲ፣ አንዴ ወልድያ ደርሻለሁ። ራዲያተሩ ራሱ አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። ስለ ራዲያተሩ ብቻ ብጽፍ ግን ግማሹን ነው የምነግራችሁ። ትልቁ ሥራ የሚያፈሰውን ቦታ ማግኘት ነበር።

መኪናዋ የ1996 ሞዴል ኮሮላ ናት። ልጆቼን ትምህርት ቤት ያደረሰች፣ እናቴን ሐይቅ ያመላለሰች የቤታችን መኪና። አምና ክረምቱ ሲወጣ የራዲያተሩ ውሃ መጉደል ጀመረ። በየሳምንቱ አንድ ሊትር ገደማ እጨምራለሁ። መሬት ላይ ግን ምንም የለም። ማታ ከሥሯ ካርቶን አንጥፌ አሳደርኩ፤ ጠዋት ሳየው ደረቅ ነው። ሐረጎን ስወጣ ደግሞ የሙቀት መርፌው ከመሃል ያልፋል። ኮፈኑን ስከፍት ጣፋጭ ጣፋጭ የሚል እንፋሎት ይሸተኛል። አንድ ምልክት ዘግይቶ ነው የገባኝ። የቶሳ ብርድ ባየለበት ጠዋት ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ይነፋ ነበር። ውሃ ሲጎድል ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያሳብቀው በዚሁ ትኩስ ውሃ የሚሠራው ማሞቂያው ነው።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ ምንም ሳይለካ «ቴስታታው ነው፣ ይውረድ» አለኝ። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፤ እሱን ማውረድ ሞተር ማስፈታት ማለት ነው። ደንግጬ ወጣሁ። ከዚያ የባሰ ስህተት ሠራሁ። ቀዳዳ ይደፍናል የተባለ ፈሳሽ ገዝቼ ጨመርኩ። ሁለት ሳምንት የቆመ መሰለ። ከዚያ ውሃው መጉደሉን ቀጠለ፣ ማሞቂያው ደግሞ ጭራሽ ተዘጋ። ቀዳዳ የሚደፍን ነገር የማሞቂያውን ቀጫጭን መተላለፊያም ይደፍናል። ለማንም አልመክርም።

ፍሳሹን ያገኘው አንድ ወጣት መካኒክ ነው። «ጋሼ፣ ማታ አምጥተው ያሳድሯት፤ በትኩሱ አይታይም» አለኝ። ጠዋት ሞተሩ በርዶ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ መለኪያ ያላት የእጅ ፓምፕ ገጠመና አየር ሞላ። መርፌዋ 13 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ላይ ቆመች። ሁለታችንም ዝም ብለን አየናት። ቀስ እያለች ወደ 10 ወረደች። የእጅ ባትሪውን ከቬንትሌተሩ ጀርባ አስገባና «ያቻት!» አለ። ጥቁሩ ፕላስቲክ ከአሉሚኒየሙ ጋር የሚገጥምበት ጥግ ላይ አንዲት ጠብታ አበጠች፣ ተንጠለጠለች፣ ከዚያ ቁልቁል ሮጠች። ዙሪያዋን ነጣ ያለ አረንጓዴ ቅርፊት ደርቆበታል። ስንጥቁ ከፀጉር አይወፍርም። ሞተሩ ሞቆ ግፊት ሲበዛ ይከፈታል፣ ሲበርድ መልሶ ይገጥማል። የሚወጣው ውሃ ደግሞ ትኩሱ ላይ እዚያው ይተናል። ካርቶኔ ደረቅ ያደረው ለዚህ ነው።

ቴስታታውንም ሳያይ አላለፈም። የዘይት መለኪያውን መዘዘ፤ ዘይቱ ውሃ ገብቶበት ማኪያቶ አልመሰለም። ሞተሩን አስነስቶ የራዲያተሩን አፍ ተመለከተ፤ ከሞተሩ ጋዝ የገባበት አረፋ የለም። «አብሽር ጋሼ፣ ሞተርዎ ደህና ነው» ሲለኝ እፎይ አልኩ።

ከዚያ ክዳኑን ለካ። 13 መያዝ ሲገባው 6 ላይ ለቀቀ። ይህን ጉዳይ ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ ለእኛ አገር ግን ትልቅ ነገር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ተራ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የእኔ ሞተር ቴርሞስታት፣ ማለትም የሞቀውን ውሃ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር፣ መከፈት የሚጀምረው በ82 ነው። በመሃል የቀረው 10 ዲግሪ ብቻ ነው። ደህና ክዳን ግፊቱን ይይዝና መፍያውን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ከዚያ ተነስቶ፣ ሰው ጭኖ፣ በሁለተኛ ማርሽ ሐረጎን ለሚወጣ አሮጌ መኪና ይህ ክዳን ነፍሱ ነው።

ሁለተኛ እጅ ራዲያተር በግማሽ ዋጋ ይገኝ ነበር። የእሱም ፕላስቲክ ያረጀ ስለሆነ አዲስ መረጥኩ። ክዳኑን፣ ቴርሞስታቱንና የላይኛውን ማኒኮቶ (የውሃ ጎማ ቱቦ) አብሬ ቀየርኩ። ማሞቂያው በተቃራኒ በኩል በውሃ ሲታጠብ ቡና የመሰለ ዝቃጭ ወጣው። ኩላንቱን (የማቀዝቀዣ ፈሳሹን) ከዲስቲልድ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቀልን። አየሩ እንዲወጣ መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ዳገት አድርገን ሞላናት። አሮጌውን ኩላንት ግቢ ውስጥ እንዳትደፉት አደራ። ስለሚጣፍጥ ውሻ ይልሰዋል፣ ሕፃንም ይቀምሰዋል፤ መርዝ ነው። እኛ ጄሪካን ውስጥ ከድነን አስቀመጥነው።

አጠቃቀሙስ? ታኅሣሥ ላይ ለሰኞ ገበያ ባቲ ወረድን። አምስት ሰው፣ ሙሉ ጭነት፣ ቆላ። መርፌው ከመሃል ዝቅ ብሎ ሄዶ ዝቅ ብሎ ተመለሰ። በዚያ መንገድ መርፌውን ሳላይ ስነዳ ከዓመት በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር። ማሞቂያው እንደ ድሮው ባይሆንም መስታወቱን ያደርቃል።

ያልወደድኩትም አለ። የማሰሪያ ቀዳዳዎቹ በትክክል ስላልገጠሙ መካኒኩ በሞረድ ማስፋት ነበረበት። የታችኛው ማፍሰሻ ፕላስቲክ ቡሎን ስስ ነው፤ በእጅ እንጂ በመፍቻ እንዳትነኩት። መጋቢት ላይ የታችኛው ማኒኮቶ ማሰሪያ አካባቢ እርጥበት አየሁ። ፋሼታው ላልቶ ነበር፤ ሲጠብቅ ቆመ።

በተጠባባቂው ጠርሙስ ላይ ውሃው የሚደርስበትን በማርከር አስምሬያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ አየዋለሁ። ከመጋቢት ወዲህ የጎደለው ግማሽ ጣት አይሞላም። የታችኛው ማኒኮቶ ስጫነው መድረቁ ይታወቀኛል። ክረምቱ ሳይወጣ እሱንም እቀይረዋለሁ።