ስቶክፊሽ ከመክፈቻ መክፈቻ

ስቶክፊሽ የተባለውን የቼዝ ፕሮግራም እዚህ ደብረ ማርቆስ በስልኬ ላይ ከጫንሁት ወዲህ፣ የምሽት ሥራዬ የተለያዩ መክፈቻዎችን፣ ማለትም የጨዋታ መጀመሪያ እንቅስቃሴዎችን፣ እየሰጠሁ ማን እንደሚበልጥ የሚሰጠውን ፍርድ መመርመር ሆኗል። ፕሮግራሙ በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው 12ኛው እትም የነርቭ መረብን (ከምሳሌዎች የሚማር የስሌት ዘዴን) በማካተቱ አቋምን የመገምገም ችሎታው በእጅጉ ጨምሯል።

ነጭ በሁለተኛው እንቅስቃሴ ወታደር ለመሥዋዕትነት በሚያቀርብበት የንጉሥ ጋምቢት በተባለው መክፈቻ ላይ ፍርዱ ፈጣንና ርኅራኄ የለሽ ነው፤ ብልጫውን ለጥቁር ይሰጣል። ጥቁር የሚመርጠው የንጉሥ ህንድ መከላከያ የተባለው መክፈቻ ግን ነገሩን ያወሳስበዋል። መሀሉ በወታደሮች ተቆልፎ ነጭ በንግሥቲቱ፣ ጥቁር በንጉሡ ክንፍ ሲገፉ፣ ፕሮግራሙ ለነጭ ግልጽ ብልጫ ያሳያል። ይህን ተማምኜ ከጎረቤቴ ከጋሼ ጋር ነጭ ይዤ ተቀመጥሁ፤ እርሳቸው ቡናቸውን ፉት እያሉ ሦስት ወታደሮች በንጉሤ ላይ ነዱና፣ ፈረሳቸውን ሠውተው በሠላሳኛው እንቅስቃሴ ግድም አፈኑኝ። ፕሮግራሙ ዋሸ ለማለት አልደፍርም። ከ15.1 እትም ጀምሮ ብልጫን ለመግለጽ የሚያሳየው 1.00 የሚለው ቁጥር 50 በመቶ የማሸነፍ ዕድልን እንዲያመለክት ተደርጎ የተስተካከለ ቢሆንም፣ ዕድሉ የተሰላው ፕሮግራሙ ከራሱ ጋር ሲጫወት እንጂ እኔ ከጋሼ ጋር ስጫወት አይደለም።

ስለዚህ ለክፍትና ስለታም መክፈቻዎች ያለማመንታት እመክረዋለሁ፤ መሀሉ በወታደሮች በሚቆለፍባቸው በተዘጉት ላይ ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳየውን የእንቅስቃሴ መስመር ማጥናት ይሻላል። ረጅም ትንተና ስልኩን እንደ ምጣድ ያግለዋል፤ ባትሪውንም ቶሎ ይጨርሳል፤ መብራት በሚጠፋበት ምሽት ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።